ክትባቱን ከመውቀሳችን በፊት የጫጩቷን እምብርት እንይ

ለደሴና ለኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣ ጫጩት ለምታመጡልን ነጋዴዎች፣ የእንስሳት መድኃኒት ለምትሸጡ፣ እንደኔ የሥጋ ዶሮ ለምታረቡ ሁሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ከረማችሁ?

ነገሬ አንድ ነው። ዶሮዎቻችን በሦስተኛው፣ በአራተኛው ሳምንት ማለቅ ሲጀምሩ "ክትባቱ አልሠራም" እንላለን። ወሬው ከደሴ ፒያሳ ተነስቶ ቦርከና ድረስ ይወርዳል። አንዱ ቀኑ ያለፈበት ነው ይላል፣ ሌላው ውሃ ነው የሸጡልን ይላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ፈንግል ለሚባለው ገዳይ የዶሮ በሽታ የሚሰጠው ክትባት ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ከፍሪጅ ወጥቶ ያለ በረዶ ሲንከራተት ይሞታል፣ ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውሃ ሲበጠበጥም እንደዚያው። ግን እኔ እንደማየው ብዙ ጊዜ ጉዳዩ የሚበላሸው ክትባቱ ሳይመጣ በፊት ነው። ጫጩቷ በመጀመሪያው ሳምንት ባክቴሪያ ገብቶባት፣ በሽታ የመከላከል አቅሟ ገና ሳይጸና ተጎድቶ፣ ለክትባት ምላሽ መስጠት አቅቷት እያለ ነው ጠብታው ዓይኗ ላይ የሚወርደው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ሞት ደግሞ ማንም አይጠይቅም። "መንገድ ጎድቷቸው ነው" ይባላል፣ ይጣላል፣ አለቀ። ለመሆኑ ምን ገደላቸው? የተረፉትስ ምን ይዘው ተረፉ? ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በተለይ ለሁለተኛው ጥያቄ ነው።

መንገዱ ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። ብዙዎቻችን የአንድ ቀን ጫጩት የምናስመጣው ከቢሾፍቱና ከአዲስ አበባ ዙሪያ ነው። ከቢሾፍቱ ኮምቦልቻ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጣርማ በር ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ካርቶኑ ይታፈናል፣ ደሴ የሚሄደው ደግሞ ሐረጎን ወጥቶ እንደገና ብርድ ውስጥ ይገባል። ጫጩት የራሷን የሰውነት ሙቀት በቅጡ መቆጣጠር የምትችለው ሁለት ሳምንት አካባቢ ሲሆናት ነው፣ ስለዚህ ይህ ሁሉ ይጎዳታል። ግን ብርድ ብቻውን አስኳል አያገማም።

አስኳል ያልኩት ወድጄ አይደለም። ጫጩት ከእንቁላል ስትወጣ የአስኳሉን ቀሪ በሆዷ ይዛ ነው የምትወጣው። ለሁለት ለሦስት ቀን ስንቋ እሱ ነው። ነጋዴዎቹም "72 ሰዓት ሳትበላ ትቆያለች" የሚሉት በዚህ ተማምነው ነው። እውነት ነው፣ ትቆያለች። ነገር ግን አስኳሉ ምግብ ብቻ አይደለም። እናቷ ከተከተበችውና ከታመመችው በሽታ ሁሉ ያገኘችውን መከላከያ፣ ማለትም ፀረ እንግዳ አካሉን፣ ለልጇ የምታወርሰው በዚያው አስኳል ነው። ጫጩቷ ሁለትና ሦስት ሳምንት ያህል የምትኖረው በዚህ ውርስ ነው። የራሷ ሠራዊት እስኪደራጅ።

አምና ክረምት የእንስሳት ሕክምና የሚማር የጎረቤቴ ልጅ የሞቱ ጫጩቶች ሲከፍት አጠገቡ ቆሜ ነበር። ባዶ የመኖ ማዳበሪያ መሬት ላይ ዘረጋ። ላባቸው እንዳይበን በሳሙና ውሃ አራሰው። የመጀመሪያዋ አምስት ቀን የሞላት ናት። እምብርቷ አልተዘጋም፣ ዙሪያው ጠቁሮ ረጥቧል፣ ሆዷ ሲነካ ይለሰልሳል። በመቀስ ሲከፍታት በዚያ ዕድሜ መጥጣ መጨረስ የነበረባት አስኳል እንዳለ አለ። ቡናማና አረንጓዴ የተቀላቀለበት፣ ቀጭን፣ መሐል መሐል የረጋ። ሽታውን ተዉት። ቀጥሎ ሌሎቹ ተደራርበውባት የታፈነችውን ከፈተ። የዚህችኛዋ አስኳል ከሽምብራ አይበልጥም፣ ቢጫ ነው፣ ምንም አይሸትም። እኩል ዕድሜ፣ አንድ ካርቶን፣ አንድ ቤት።

ከዚያ ከኩስ መውጫዋ በላይ፣ ጀርባ በኩል የተሸጎጠች ትንሽ ከረጢት አሳየኝ። በታመመችዋ ላይ ፈልጎ ለማግኘት ተቸግሮ ነበር። ቡርሳ ትባላለች። ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት ነጭ የደም ሕዋሳት የሚያድጉትና የሚሠለጥኑት እዚያች ውስጥ ነው። ይህ የታወቀበት ታሪክ ራሱ ደስ ይላል። አሜሪካ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብሩስ ግሊክ የሚባል ተመራማሪ ጥቅሟን ለማወቅ ከጫጩቶች ላይ እየቆረጠ ያወጣት ነበር። ጓደኛው ቲሞቲ ቻንግ ለተማሪዎች ማሳያ ዶሮ ሲያጣ እነዚያኑ ወስዶ ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ወጋቸው። ፀረ እንግዳ አካል ያመርታሉ ተብሎ ሲጠበቅ ምንም የለም። እ.ኤ.አ. በ1956 ጽፈው አሳተሙት። እንግዲህ እነሱ በቢላ ያወጧትን ከረጢት፣ በእኛ ቤት ባክቴሪያው ሳይቆርጥ ያሟሽሻታል።

እንዴት? እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ከባለሙያዎች ጠይቄና አንብቤ የያዝኩትን በተራ ቋንቋ ልንገራችሁ። ስሳሳት አርሙኝ።

በመጀመሪያ ውርሱ ይቋረጣል። ኢ-ኮላይ ወይም ሌላ ባክቴሪያ በእምብርት በኩል ገብቶ አስኳሉን ሲያበላሸው ጫጩቷ ምግቡንም የእናቷን መከላከያም በአግባቡ መምጠጥ አትችልም። ይህ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከቆሸሸ እንቁላል፣ ካልጸዳ መፈልፈያ ማሽን፣ እምብርቷ ሳይደርቅ ከተጣለችበት ካርቶን ወይም እርጥብ ሰጋቱራ ነው።

ቀጥሎ የራሷ ጦር ገና ልጅ ነው። ባክቴሪያ ሲገባ ቀድመው የሚደርሱት ነጭ የደም ሕዋሳት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቁጥራቸው ቢኖርም ፈጥኖ የመያዝና የመግደል ብቃታቸው ደካማ ነው። ለዚህ ነው ለትልቅ ዶሮ ተቅማጥ እንኳ የማይሆን ሳልሞኔላ የሁለት ቀን ጫጩት የሚገድለው። አንዳንዱ ሳልሞኔላ ይባስ ብሎ ሊውጡትና ሊገድሉት በመጡት ሕዋሳት ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፣ እነሱኑ ተሳፍሮ ጉበትና ጣፊያ ይደርሳል።

ዋናው ነገር ግን ሦስተኛው ነው። ባክቴሪያው የሚለቀው መርዝና የበሽታው ጭንቀት በሰውነቷ ውስጥ የጭንቀት ሆርሞን ከፍ ያደርጋሉ። ይህ ሆርሞን ሲበዛ ቡርሳ ውስጥና አንገቷ ላይ ባለው ታይመስ በሚባለው እጢ ውስጥ ያሉ ወጣት ሕዋሳት ይሞታሉ። እጢዎቹ ይሟሽሻሉ። ኢ-ኮላይ በተወጉ ዶሮዎች ላይ ይህ በምርምር ታይቷል። ኃይለኛ ሳልሞኔላ በተሰጣቸው ጫጩቶች ላይም እንዲሁ፤ ሕዋሳቱ አልቀው፣ የመከላከል አቅማቸው ወርዶ ተገኝቷል። ጫጩቷ ከበሽታው ልትድን ትችላለች። ሕዋሳቱም ቀስ ብለው ሊተኩ ይችላሉ። የእንቁላል ጣይ ዶሮ ከሆነች ጊዜ አላት፣ ታገግማለች። የሥጋ ዶሮ ግን ዕድሜዋ በጠቅላላው ስድስትና ሰባት ሳምንት ነው! መቼ ታገግም?

ደግሞ የሥጋ ዶሮ የተመረጠችው እንድታድግ ነው። በእኛ ገበያ የምናውቃቸው ኮብ 500 እና ሮስ 308 ሲፈለፈሉ 40 ግራም አካባቢ ሆነው በሳምንታቸው ቢያንስ አራት እጥፍ መሆን አለባቸው። ሰውነቷ ከባክቴሪያ ጋር ሲዋጋ መኖው ወደ ሥጋ አይሄድም፣ ወደ ትኩሳት ይሄዳል። የምግብ ፍላጎቷም ይቀንሳል። ካልበላች አንጀቷ አያድግም፣ አንጀቷ ካላደገ ለበሽታ የተጋለጠ በር ይሆናል። በሰባተኛው ቀን ጥቂቶቹን ሚዛን ላይ አስቀምጧቸው። ግማሹ ትልቅ ግማሹ ኮሳሳ ከሆነ መኖውን ብቻ አትጠርጥሩ።

አሁን ክትባቱ ጋ እንመለስ። ክትባት መድኃኒት አይደለም፣ ሥልጠና ነው። የሚሠለጥነው ሕዋስ ከሌለ ማንን ያሠለጥናል? ብልቃጡ ላይ "ለጤነኛ ዶሮዎች ብቻ" ተብሎ የሚጻፈው ለዚህ ነው። ይባስ ብሎ የፈንግል ሕያው ክትባት ሲሰጥ መተንፈሻቸው ላይ ለጥቂት ቀናት ቀለል ያለ ማስነጠስና ማንኮራፋት ያመጣል። ጤነኛዋ ታልፈዋለች። ቀድማ የተጎዳችዋ ላይ ግን ኢ-ኮላይ ያንን ተከትሎ ወደ አየር ከረጢቷ ይወርዳል፣ ልቧና ጉበቷ ነጭ ስስ ሽፋን ያበጃሉ፣ ትሞታለች። ባለቤቱ "ከከተብኩ በኋላ አለቁ" ይላል። ውሸት አልተናገረም፤ ከከተበ በኋላ ነው ያለቁት። ጉምቦሮም ከዚህ ጋር ይደመራል። እሱ ቫይረስ ነው፣ ቡርሳን ለይቶ ነው የሚያጠቃው፣ የሚበረታውም ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ዕድሜ ነው። በባክቴሪያ የተዳከመች ጫጩት ላይ ጉምቦሮ ሲጨመር እንግዲህ አስቡት።

ደሴዎች፣ ለእናንተ ደግሞ የተለየ ነገር አለኝ። የጦሳ ብርድ ቀልድ አያውቅም፣ ይገባኛል። ግን ብርድ ፈርታችሁ ቤቱን በላስቲክ ጥርቅም አድርጋችሁ ከሰል ስታነዱበት የኩሱ ሽታ መውጫ ያጣል። ጎንበስ ስትሉ ዓይናችሁን ካቃጠለው የጫጩቷን አስቡት፣ እሷ የምትተነፍሰው ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍታ ላይ ነው። ያ አሞኒያ የመተንፈሻ ቧንቧዋን አቧራና ጀርም የሚጠርጉትን ጥቃቅን ጸጉሮች ይገድላል። ከዚያ በኋላ ኢ-ኮላይ የሚከለክለው የለም። የከሰሉ ጭስ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው፣ ለእናንተም ጭምር። ላይኛውን የግድግዳ ክፍል ትንሽ ክፈቱት፣ ጫጩቶቹን ከታች በካርቶን ወይም በኮምፔርሳቶ ክበብ ሰብስባችሁ እዚያ ውስጥ አሙቁ። ቤቱን ሁሉ ማሞቅ አያስፈልግም። የኮምቦልቻ ሰው በበኩሉ "እኛ ሙቀት አለን" ብሎ ይዘናጋል፣ ሌሊቱን ይረሳዋል።

ኦክሲ ስለምንለው አንቲባዮቲክም እንነጋገር፣ ይቀየመኝ የሚቀየም። አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ "ጫጩት እየሞተብኝ ነው" ስል ሻጩ ስንት ቀናቸው እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቀኝ የኦክሲቴትራሳይክሊን ዱቄት አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ሳይሞቱም የሚሰጥ አለ፤ ጫጩት እንደገባ ለሦስት ለአምስት ቀን "ለመከላከያ" ተብሎ። ይህ ልማድ ብዙ ነገር ያበላሻል። የጫጩት አንጀት ሲፈለፈል ባዶ ቤት ነው ማለት ይቻላል፣ ቀድሞ የገባው ይወርሰዋል። ፊንላንዳውያኑ ኑርሚና ራንታላ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳዩት ይህንን ነው፤ ከጤነኛ ትልቅ ዶሮ አንጀት የተወሰዱ ጀርሞች የተሰጧቸው ጫጩቶች ሳልሞኔላን ተቋቁመውታል። ጥሩዎቹ ጀርሞች ቦታውን ከመያዛቸውም በላይ የጫጩቷን መከላከያ ያነቃቁታል። እኛ በመጀመሪያው ቀን አንቲባዮቲክ ስናጠጣ ጥሩውን ጠርገን መድኃኒቱን ለለመደው ኢ-ኮላይ ቦታውን እናስረክባለን። ስለዚህ ባክቴሪያ ሁሉ ጠላት ነው አላልኩም፣ እንዳይመስላችሁ።

አንቲባዮቲክ ፈጽሞ አይሰጥ እያልኩም አይደለም። ያስፈልጋል፣ ነፍስ ያድናል። ግን የገማ አስኳል ውስጥ መድኃኒት በደንብ አይደርስም፣ ስለዚህ እምብርቷ የታመመችውን ጫጩት ብዙ ጊዜ አያተርፋትም። የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ሳይታወቅ መርጨት ደግሞ ገንዘብ ማቃጠል ነው። መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ መጠበቅ ያለበትን ቀን ስንቶቻችን እንጠብቃለን? ለፋሲካና ለአረፋ ገበያ ሲደርስ ማን ቀን ይቆጥራል? ያንን ሥጋ የሚበላው የእኛው ልጅ ነው።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው።

ኃላፊዎች ሆይ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ባለሙያ ስጡን። የሞተ ጫጩት ይዘን የምንመጣበት፣ ተከፍቶ የምናይበት። ይኸው ነው። ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ያላት ከተማ ናት፣ ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ። ተማሪዎቹ መማሪያ ያገኛሉ፣ እኛ መልስ እናገኛለን። አስኳል ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፣ መቀስና ጓንት ይበቃል። አጠራጣሪ ሲሆን ብቻ ናሙናው ላቦራቶሪ ገብቶ ባክቴሪያው ይለይ፣ የሚገድለውም መድኃኒት ይፈተሽ። ውጤቱን ደግሞ ከጫጩቱ ምንጭና ከተፈለፈለበት ቀን ጋር መዝግቡት። ከአንድ ዙር ጫጩት የወሰዱ አምስት ሰዎች ተመሳሳይ የገማ አስኳል ይዘው ከመጡ ችግሩ ከአምስቱ ሰዎች ቤት አይደለም። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ደግሞ ቤቱን ይፈትሽ። አሁን ግን አርቢው መፈልፈያውን ይከሳል፣ መፈልፈያው አርቢውን፣ ሁለቱም መንገዱን። ማስረጃ ያለው የለም።

ነጋዴዎች፣ ከካርቶኑ ጋር አንዲት ወረቀት አያይዙልን። መቼ ተፈለፈሉ፣ ስንት ሰዓት ተጫኑ፣ ምን ተከተቡ፣ እናቶቻቸው ለሳልሞኔላ ተመርምረው ያውቃሉ ወይ። ባለፈው አንድ አከፋፋይ ይህንን ስጠይቀው "ጫጩት ነው የምትገዛው ወይስ መኪና?" ብሎ ሳቀብኝ። ሊብሬ አልጠየቅኩም እኮ። በሳልሞኔላ ፑሎረም የተያዘች እናት በሽታውን በእንቁላሏ ውስጥ ለልጇ ስለምታስተላልፍ ነው የምጠይቀው፤ ነጭ ተቅማጥ መቀመጫቸው ላይ ደርቆ የሚመጡት ምስኪኖች የዚያ ሊሆኑ ይችላሉ፣ በእኛ ቤት ጽዳት ብቻ አይመለስም።

አርቢዎች፣ እኛም እጃችን ላይ ያለ ነገር አለ። ካርቶኑን ስትረከቡ ከየካርቶኑ ጥቂት ጫጩት አንስታችሁ ገልብጡ፣ ሆዱን ባውራ ጣት ዳስሱ። እምብርቱ ንጹህና የተዘጋ ነው? ጥቁር ቁልፍ ወይም የተንጠለጠለ ክር አለው? ብዙዎቹ እንደዚያ ከሆኑ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ተነጋገሩ። ቤቱ ከመምጣታቸው በፊት ይሙቅ፣ ከጫጩቶቹ ጋር አብሮ አይደለም። ክበቡ ውስጥ ሙቀቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ይሁን። ቴርሞሜትር ከአንድ ዶሮ ዋጋ ያነሰ ነው፣ የመሬቱንም ሙቀት በእጃችሁ ንኩ። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ጥቂቶቹን ይዛችሁ አንገታቸው ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት ዳብሱት፤ በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ማለት ይቻላል ሞልተውና ለስልሰው መገኘት አለባቸው። ቶሎ የበላች ጫጩት አስኳሏንም ቶሎ ትጨርሰዋለች። መጠጫውን በየቀኑ እጠቡ። የሞተችውን ሲመሽ ሳይሆን ወዲያው አውጡ፣ ጻፉም፤ ቀኑንና ቁጥሩን፣ ደብተር ላይ። የክትባቱ ቀን ደርሶ ጫጩቶቹ ደህና ካልሆኑ ቀኑን ከባለሙያ ጋር ተማክራችሁ አሸጋሽጉ እንጂ ቀኑ ደረሰ ብላችሁ የታመመ መንጋ አትከትቡ።

ጠረጴዛው ከተሰጠን፣ ሬሳ ስታመጡ በዚያው ቀን የሞቱትን አምጡ። የበሰበሰ ጫጩት ምንም አይናገርም፣ ሁሉም ይገማል። ፍሪዘር ውስጥ አታስገቡ፣ ሲቀልጥ የውስጥ አካሉ ይበላሻል፤ በድርብ ፌስታል አስራችሁ በበረዶ ብቻ አቀዝቅዙት። የሞተ ብቻ ሳይሆን ክንፉን ጥሎ የቆመ፣ በሕይወት ያለ ጫጩትም ጨምሩ። የሰጣችሁትን መድኃኒት ሳትደብቁ ንገሩ፣ አንቲባዮቲክ ከጠጣ ላቦራቶሪው ባክቴሪያውን ላያገኘው ይችላል።

ቀኑንና ቦታውን ወስናችሁ በቀበሌ ማስታወቂያ ሰሌዳ ብትለጥፉልን ለሚቀጥለው ዙር ይደርስልናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኮምቦልቻ ዶሮ አርቢ